አንገታችሁን ለማን ትሰጣላችሁ?

(በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሾፌሮች የተዘጋጀ ንግግር)

ጤና ይስጥልን! አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። እሁድ ከሰዓት ለሾፌር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ኤርፖርቱ የሚደምቅበት ሰዓት ነው። እሱን ትታችሁ ስለመጣችሁ አላንዛዛም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። አንገታቸውን ይዘው ወደ እኔ ከሚመጡት ሐበሾች ብዙዎቹ መሪ ላይ የሚውሉ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ፣ አንድ ዓይን ስልክ ላይ፣ አንድ ዓይን መንገድ ላይ አድርጎ መዋል አንገት ይጨርሳል። ሲያም መጀመሪያ «ብርድ ነው» ይባላል። ቪክስ ይቀባል። አልለቅ ሲል ምክሩ ይጎርፋል። አንዱ «ካይሮፕራክተር ጋ ሂድ፣ አንዴ ቋ ካደረገህ ይለቅሃል» ይላል፤ ካይሮፕራክተር መገጣጠሚያን በእጁ ገፍቶ የሚያክም ባለሙያ ነው። ሌላው ማሳጅ ቤት ይጠቁማል። እትዬ እገሌ ደግሞ አሪፍ የምታሽ ሴት ታውቃለች። እኔ ዛሬ እነዚህን እጆች ላወዳድርላችሁ ነው የመጣሁት። የማምንበትን ከአሁኑ ልናገር፦ በማዳን በኩል በመካከላቸው ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። አደጋቸው ግን እኩል አይደለም።

በእጅ አንገት ማከም ስሙ ብዙ ነው፤ ሲጨመቅ ግን ሦስት ነው። አንደኛው ማሸት ነው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው መገጣጠሚያውን በቀስታ፣ ደጋግሞ እየገፉ ማላላት ነው። አውስትራሊያዊው ጄፍሪ ማይትላንድ ይህን በደረጃ ከፋፍሎ አስተማረ። ደረጃ 1 ለመነካካት ያህል ነው። ደረጃ 4 ላይ መገጣጠሚያው እስከሚሄድበት ጫፍ ድረስ ይገፋል። የኒውዚላንዱ ብራያን መሊጋን ደግሞ አንድ ነገር ጨመረ፦ ባለሙያው አጥንቱን ደግፎ ይይዛል፣ በሽተኛው ራሱ አንገቱን ያዞራል። እኔ ይህቺን ዘዴ በጣም እወዳታለሁ። መዞር አቅቶት የመጣ ሰው በራሱ ጉልበት ሲዞር ፍርሃቱም አብሮ ይለቀዋል።

ሦስተኛው ያ ቋ የሚያደርገው ነው። አጭር፣ ፈጣን፣ ድንገተኛ ግፊት። በሁለተኛው ዘዴ «ተው፣ አመመኝ» ካላችሁ እጁ ይቆማል። በሦስተኛው ግን «ተው» ሳትሉ አልቋል።

ይህ ሦስተኛው እዚሁ አሜሪካ ትልቅ ሙያ ሆኗል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። በ1895 በአይዋ ግዛት፣ ዳቬንፖርት ከተማ፣ ዲ. ዲ. ፓልመር የሚባል ሰው ሃርቬይ ሊላርድ የተባለ የጽዳት ሠራተኛን ጀርባ ተጭኖ «ጆሮውን ከፈትኩለት» አለ። ካይሮፕራክቲክ የሚቆጥረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። የመስማት ነርቭ እንኳን ጀርባ ጋ ሊደርስ ከራስ ቅልም አይወጣም፤ ታሪኩን እንደ ታሪክ ያዙት። የዛሬዎቹ ካይሮፕራክተሮች ግን ዓመታት ተምረው ፈቃድ የያዙ ናቸው። በጅምላ አላማቸውም።

ስለዚያ ድምፅ ግን አንድ ነገር ልበል። በ2015 በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጣት መገጣጠሚያ ተጎትቶ ቋ ሲል የሰውነትን ውስጥ በሚያሳየው ኤምአርአይ ቀርጸው አዩት። መገጣጠሚያው ድንገት ሲላቀቅ በውስጡ ባለው ፈሳሽ መሃል ክፍተት ይፈጠራል። ድምፁ ከዚያ ጋር ነው የሚመጣው። ስለዚህ «አጥንትህ ወልቆ ነበር፣ ቦታው መለስኩት» የሚላችሁን አትመኑት። የአንገቱ አጥንት የወለቀ ሰው በአምቡላንስ ይመጣል እንጂ ኡበር እየነዳ አይመጣም።

እሺ፣ የቱ ይሻላል? ሲድኒ ውስጥ የተሠራ፣ በ2010 የወጣ ጥናት አለ። አንገታቸውን በቅርቡ ያመማቸው 182 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ቋ ተደረጉ፣ ግማሾቹ በቀስታ ተላሉ። ቋ ከተደረጉት ግማሹ ሰው በ47 ቀን ዳነ። በቀስታ ከታከሙት ግማሹ በ43 ቀን ዳነ። ይህ ልዩነት አይባልም። ያ ሁሉ ድምፅ የጨመረው ነገር የለም ማለት ነው።

ሌላው በ2012 የወጣው የሚኒሶታው ጥናት ነው፤ ለእናንተ ለሾፌሮች የሚበጀው ይሄኛው ይመስለኛል። 272 ሰዎች ለሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ካይሮፕራክተር ጋ ተመላለሰ፣ አንዱ መድኃኒት ወሰደ። ሦስተኛው ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በአንድ በአንድ ሰዓት ቀጠሮ፣ እቤት የሚሠራ እንቅስቃሴ ተምሮ ሄደ። ከ12 ሳምንት በኋላ የታከሙት መድኃኒት ከወሰዱት በልጠው ተገኙ። እስከ ዓመት ድረስም እንደበለጡ ቆዩ። እቤት የሠሩት ግን ከታከሙት ብዙም አላነሱም! ሁለት ቀጠሮ ብቻ። ከሥራ የቀረውን ሰዓትና ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን የኮፔይመንት ሂሳብ እናንተው አስሉት።

ማሳጅስ? ማሳጅ ላይ ዋናው ነገር መጠኑ ነው። በ2014 በወጣ ጥናት፣ በሲያትል አካባቢ ለወራት የቆየ የአንገት ሕመም ያለባቸው 228 ሰዎች ተፈተሹ። የ30 ደቂቃ ማሳጅ ምንም ካለማድረግ ብዙም አልተሻለም። የጠቀመው 60 ደቂቃ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሲሆን ነው። በሞል መሃል ወንበር ላይ 10 ደቂቃ መታሸት ደስ ይላል፤ እኔም አደርገዋለሁ። ግን ሕክምና ነው ብላችሁ አትቁጠሩት።

አሁን ወደ አደጋው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

አንገታችን ላይ ሰባት አጥንቶች አሉ። ወደ ኋለኛው አንጎል ደም የሚወስዱ ሁለት የደም ቧንቧዎች በነዚህ አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ፣ ከስድስተኛው ጀምሮ እስከ አንደኛው፣ ክር በዶቃ እንደሚሾልክ ሾልከው ይወጣሉ። አንገት በኃይል ሲጠመዘዝ የቧንቧው የውስጥ ግድግዳ ሊቀደድ ይችላል። እዚያ ላይ ደም ይረጋል፤ የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ይህ የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው። ክርክርም አለበት። በ2008 በወጣ፣ በካናዳዋ ኦንታሪዮ በተሠራ ጥናት የታየው፣ ስትሮክ የያዛቸው ሰዎች ካይሮፕራክተር ጋ ብቻ ሳይሆን ተራ ሐኪምም ጋ ቀደም ብለው ሄደው እንደነበር ነው። ማለትም የአንዳንዶቹ ቧንቧ ቀድሞ ተቀዶ፣ እርዳታ ፍለጋ የወጡትም እሱ ባመጣው ሕመም ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2014 ባወጣው መግለጫ አንገት ቋ ከመደረጉ በፊት ለበሽተኛው ይህ ይነገረው ብሏል።

የኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ቀስ ያለው እጅ እኩል ካዳነ፣ ድንገተኛውን ለምን እመርጣለሁ? ቋ ካልተደረግሁ አይለቀኝም ለሚል ሰው እንኳ መላ አለ፦ የላይኛው ጀርባ ላይ ይደረግለት። ጀርባን ቋ ማድረግ የአንገትን ሕመም ሊቀንስ ይችላል፤ እንቅስቃሴ ይጨመርበት እንጂ። የአንገት ቧንቧዎቹም አይጠመዘዙም።

ስለ አገራችን ወጌሻ ትጠይቁኛላችሁ። ወጌሻ ክብር አለው፤ ሐኪም በሌለበት ስንቱን አቁሟል። አንገት ግን እጅና እግር አይደለም፤ መሃሉ ላይ ሕብለ ሰረሰር አለ። ፀጉር ቤት ከተቆረጥን በኋላ ጭንቅላታችንን ይዞ ቀጭ የሚያደርገን ልጅም አለ። ለሱ «አንገቴን ተወው ወንድሜ» በሉት። ቲፑን አትከልክሉት።

ማንም ሰው አንገታችሁን ከመንካቱ በፊት ሊጠይቃችሁ የሚገባ ነገር አለ። ማዞር፣ ሁለት ሁለት ማየት፣ የምላስ መተሳሰር፣ ለመዋጥ መቸገር፣ የፊት መደንዘዝ አለ? ከዚህ በፊት አሞኝ የማያውቅ ዓይነት ድንገተኛ ሕመም ነው? ይህ ከሆነ ቴራፒ ቤት ሳይሆን 911 ነው። እጃችሁ ቁልፍ መቆለፍ አቃተው? ስትራመዱ ትንገዳገዳላችሁ? ሕብለ ሰረሰሩ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ካለ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ መታሰብ አለበት። እዚህ አገር ያለ ሐኪም ቲቢ ቶሎ ላይመጣለት ይችላልና ከየት እንደመጣችሁ ራሳችሁ ንገሩት። ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ አንገታችሁን የሚይዝ ሰው ካጋጠማችሁ ጃኬታችሁን አንሱ።

የመኪና አደጋም አለ። ሌላ መኪና ከኋላ ይመታችኋል፤ በማግስቱ ስልክ ይደወላል። ጠበቃ አለ፣ ክሊኒክ አለ፣ «30 ጊዜ ትመላለሳለህ» ይባላል። ቆይ! ዕድሜያችሁ 65 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ እጅ እግራችሁን ከወረራችሁ፣ አንገታችሁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ 45 ዲግሪ ማዞር ካቃታችሁ፣ መጀመሪያ ሆስፒታል ሄዳችሁ ምስል ተነሱ። ማንም ቋ እንዲያደርጋችሁ አትፍቀዱ። ሠላሳውን ቀጠሮ የሚወስነው ሕመማችሁ እንጂ የክሱ ፋይል መሆን የለበትም።

እንደኔ ያለ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ እዚህ ፊዚካል ቴራፒስት የሚባለው ጋ ለመሄድ በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች፣ ዲሲም ጭምር፣ ያለ ሐኪም ወረቀት በተወሰነ ደረጃ ይቻላል። ኢንሹራንሳችሁ ግን ወረቀት ሊጠይቅ ስለሚችል አስቀድማችሁ ደውሉ። ስትደርሱም «እቤት የምሠራው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ሌላ ሰው ፈልጉ።

አሁን አብረን እንሥራ። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። አገጫችሁን ሳታጎነብሱ ወደ ኋላ ሳቡት፤ አዎ፣ ድርብ አገጭ ይወጣል፣ አትሳቁ። 5 ቁጠሩ፣ ልቀቁ። 10 ጊዜ። ቀጥሎ በዝግታ ወደ ቀኝ ዙሩ፣ እስከማያምበት። ወደ ግራ። ትከሻችሁን ወደ ኋላ አሽከርክሩ። ይህን ተሳፋሪ በምትጠብቁበት ሰዓት ሁሉ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ሥሩት። ሕመሙ ወደ ክንዳችሁ ከወረደ አቁሙና ንገሩኝ።

ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ፤ ማይኩን እኔ አመጣላችኋለሁ፣ እዚያ ጥግ ካሉት አባት እንጀምር።