ዛፉን በጥላው ስንለካ፦ ስትሬይን ጌጅ ከኤዲሲ ጋር

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ ስትሬይን ጌጅን (ሲለጠጥ ወይም ሲጨመቅ ሬዚስታንሱ የሚለወጥ ሴንሰር) ከኤዲሲ (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር ከሚቀይር ዕቃ) ጋር እናገናኛለን። መጀመሪያ ግን ዛፍ እንለካለን። አዎ፣ ዛፍ!

ከዛፉ አጠገብ የ1 ሜትር ዱላ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። የዱላው ጥላ 2 ሜትር፣ የዛፉ ጥላ 10 ሜትር ሆነ እንበል። ዛፉ የዱላው 5 እጥፍ ነው፤ 5 ሜትር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመልሳችሁ ለኩ። የዱላው ጥላ 3 ሜትር ሆኗል፤ የዛፉም 15። ዛፉስ? አሁንም 5 እጥፍ! ጥላው ረዘመ እንጂ ዛፉ አልረዘመም። ፀሐይዋ የት እንደደረሰች ማወቅ አስፈለገን? አላስፈለገንም። ይቺን ምሳሌ እንዴት እንደምወዳት! ያዙልኝ።

ዊትስቶን ብሪጅን፣ ማለትም ትንሿን የሬዚስታንስ ለውጥ ወደ ቮልቴጅ የሚቀይረውን ሰርኪት፣ ባለፈው ቪዲዮ ስላየን ቶሎ ቶሎ ልበል። 350 ኦም ጌጅ፣ ጌጅ ፋክተር 2 (ሬዚስታንሱ በመቶኛ የመለጠጡን 2 እጥፍ ይለወጣል)፣ 1000 ማይክሮስትሬይን (የርዝመቱን አንድ ሺሕኛ መለጠጥ)፤ ለውጡ 0.7 ኦም ብቻ። 2 ሚሊቮልት በቮልት የሚሰጥ ሎድ ሴል (ስትሬይን ጌጆች በብሪጅ የተያያዙበት የክብደት ሴንሰር) በ5 ቮልት ሲሠራ፣ ሙሉ ጭነት ላይ 10 ሚሊቮልት ያወጣል። የ5 ቮልት ባለ 10 ቢት ኤዲሲ አንድ እርከኑ (የሚለየው ትንሹ ለውጥ) 4.9 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ሙሉ ጭነታችሁ ሁለት እርከን! ማጉያ የግድ ነው። ኤችኤክስ711 የሚባለው ቺፕ 128 እጥፍ ማጉያና ባለ 24 ቢት ኤዲሲ አንድ ላይ ይዟል። ሰብስክራይብ ካደረጋችሁ ኮዱን በሚቀጥለው አብረን እንጽፋለን።

አሁን ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ፦ «ለብሪጁ የሚሄደው 5 ቮልት ንቅንቅ የማይል መሆን የለበትም? ለኤዲሲው ውድ ሬፈረንስ (ሲግናሉን የሚያወዳድርበት ቮልቴጅ) ልግዛ?» አትግዙ! ፀሐይዋን አስታውሱ። ፀሐይዋ የብሪጁ ቮልቴጅ ናት፤ የዛፉ ጥላ ከብሪጁ የሚወጣው ሲግናል፣ የዱላው ጥላ የኤዲሲው ሬፈረንስ። ኤዲሲ ሥራው ማካፈል ነው፤ ሲግናሉን ለሬፈረንሱ ያካፍላል። ሁለቱም ከአንድ መስመር ከመጡ፣ 5 ቮልቱ 4.9 ቢሆን ሁለቱም እኩል 2 በመቶ ይወርዳሉ፤ ቁጥሩ ባለበት ይቆያል። ውዱን ሬፈረንስ ለኤዲሲው ብቻ ስትሰጡት ግን ዛፉ በማታ ፀሐይ፣ ዱላው በቀትር ፀሐይ ተለካ ማለት ነው። ያ 2 በመቶ የክብደት ለውጥ መስሎ ይመጣል።

አንድ ነገር ብቻ፦ ዱላው ዛፉ አጠገብ ይሁን። ሽቦው ሲረዝም ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ባለ ስድስት ሽቦ ሎድ ሴል ተጠቀሙ፤ ሁለቱ ተጨማሪ ሽቦዎች ብሪጁ ጋ የደረሰውን ቮልቴጅ መልሰው ለሬፈረንሱ ያመጡላችኋል።