ድሬ ላይ ፈሳሽ፣ ሐረር ላይ የረጋ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ ከቤታችን ነው። ከጀርባ የምትሰሙት ድምፅ ቬንትሌተር ነው፤ በዚህ ሙቀት ላጠፋው አልቻልኩም፣ ይቅርታ።

ስለ ቅቤ ላወራችሁ ነው። ስለ ቅቤና ስለ እናቴ።

አምና ነው። እማዬ ደም ተመርምራ ኤልዲኤል የሚሉት፣ መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ከፍ ብሎ ተገኘ። ውጤቱን የነገራት ባለሙያ ወረፋ በዝቶበት ነበር መሰለኝ፣ «ማዘር፣ ከዛሬ ጀምሮ ቅቤ እንዳይነኩ» ብሎ ሸኛት። በቃ። በምን ትተካው፣ ምን ያህል ትቀንስ፣ የሚል ነገር የለም። እማዬ ደግሞ የተባለችውን የምትፈጽም ሰው ናት። የዚያኑ ቀን ማታ የቅቤውን ጣሳ አውጥታ ለጎረቤታችን ሰጠች። በእጇ ያነጠረችው፣ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው የገባበት ቅቤ። ክዳኑን ስትገጥም አጠገቧ ነበርኩ። ከገጠመችው በኋላ ጣቶቿን አሸተተች። ይሄ ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያ ቤታችን ሁሉ ነገር በዘይት ሆነ። ዘይቱ ከቀፊራ ገበያ የምንገዛው፣ በቢጫ ጀሪካን የሚሸጠው የፓልም ዘይት ነው። ዋጋው ይሻላል፣ ይበረክታልም። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ሥጋ ወጡም በሱ። እማዬም ቅቤ ስለቀረ ዘይቱን ደህና አድርጋ ታፈስበታለች፤ «ዘይት ምን ያደርጋል» እያለች። ከወራት በኋላ ስትመረመር ውጤቱ ያው ነው። «ቅቤዬንም አጣሁ፣ ጤናዬንም አላገኘሁ» አለችኝ። እኔም የምላት አልነበረኝም።

ነገሩ የገባኝ ሐረር ሄጄ ነው።

ታኅሣሥ ላይ አክስቴን ልጠይቅ ስሄድ ከዚያው ዘይት አንድ ጀሪካን ይዤላት ወጣሁ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ደንገጎን ሽቅብ ስትወጡ የመኪናውን መስኮት የምትዘጉበት ቦታ አለ አይደል? እዚያ አየሩ ይለወጣል። አድሬ ጠዋት አክስቴ ዘይቱን ልትቀዳ ጀሪካኑን ብታዘነብለው እምቢ አለ። ረግቷል። በአፉ በኩል ሳየው ገርጥቶ ጓል ሠርቷል። አክስቴ የማንኪያ እጀታ ሰደደችበትና ቆፍራ አወጣች፣ አየችውና «አንተ፣ ይሄ ታዲያ ከቅቤ በምን ተሻለ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኛ ድሬዎች ሙቀቱ አታልሎናል። እዚህ ቅቤውም ይቀልጣል፣ ፓልሙም ይቀልጣል፣ ሁሉም ፈሳሽ ነው፤ ዓይናችን የሚለይበት መንገድ የለም።

የሚረጋው ለምንድን ነው? ሳቹሬትድ ፋት የሚሉት ቅባት ቅንጣቱ ቀጥ ያለ ነው፤ እንደተደረደረ አጣና እላዩ ላይ ይተኛል፣ ስለዚህ ቶሎ ይጠጥራል። ያልረጋው ቅባት ቅንጣቱ ቆልመም ያለ ስለሆነ አይደረደርም፣ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ጉበታችን መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም እንዳያነሳ የሚያዳክመው ያ የመጀመሪያው ነው። ከ100 ግራም ለጋ ቅቤ 50 ግራም ያህሉ ይሄ ነው፤ ሲነጠር ውኃው ስለሚወጣ ወደ 60 ይደርሳል። የበሬ ሞራም ወደ ግማሹ ነው። የፓልም ዘይትስ? እሱም ወደ 50 ነው። ከዛፍ ፍሬ ስለተጨመቀ ኮሌስትሮል የለውም፣ ጀሪካኑ ላይም እንደዚያ ይጽፉበታል፤ ግን እናቴን የጎዳት ጀሪካኑ ላይ ያልተጻፈው ሳቹሬትዱ ነው። የሱፍ አበባ ዘይት 11 ገደማ ነው። ልዩነቱን አያችሁት?

እና ቅቤ ጤናማ ምግብ ውስጥ ቦታ አለው ወይ? እኔ አለው ባይ ነኝ፣ ግን በልክ። የዓለም ጤና ድርጅት ከሳቹሬትድ ፋት የምናገኘው ኃይል በቀን ከምንበላው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም ገደማ ማለት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 8 ግራም ያህል ይዟል። አምስት ሰው ያለበት ቤት በወር አንድ ኪሎ ንጥር ቅቤ ቢጨርስ በቀን ለአንድ ሰው የሚደርሰው 7 ግራም ቅቤ እንኳ አይሞላም፣ ሳቹሬትዱ ደግሞ 4 ግራም ነው። ይሄ ማንንም አያስደነግጥም። በዓል ሲሆን ግን ግማሽ ኪሎ ንጥር ቅቤ የገባበት ዶሮ ለአሥር ሰው ቢቀርብ አንዱ ሰው በአንድ ገበታ 30 ግራም ሳቹሬትድ ፋት ዋጠ ማለት ነው። ለፋሲካ ከሆነ እሺ። ችግሩ እሑድ ሁሉ ፋሲካ ሲሆን ነው።

ደግሞ እንደ እማዬ ለሚጾም ሰው ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም ነው፤ ቅቤ በነዚያ ቀናት መጀመሪያውኑ የለም። ወጡ የሚሠራው በዘይት ነው። ስለዚህ ከቅቤው ይልቅ ትልቁ ጥያቄ የዘይቱ ዓይነት ነበር፣ ያንን ደግሞ ማንም አልጠየቃትም። ይሄ አሁንም ያናድደኛል።

ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ «ሞራ አቅልጣችሁ ጥበሱ፣ ዘይት መርዝ ነው» የሚሉ ወጣቶች አያለሁ። በዚህ አልስማማም። ከቅቤና ከሞራ ከፊሉን በኑግ ወይም በሱፍ አበባ ዘይት የተካ ሰው መጥፎው ኮሌስትሮል ይወርድለታል፣ ይሄ በብዙ ጥናት የታየ ነው። ቅቤውን ትቶ ጠዋት በነጭ ዱቄት ፈቲራ፣ ቀኑን በስኳር ሻይ የሚውል ሰው ግን ለልቡ ያተረፈው ነገር የለም። የቲክቶክ ልጆቹ እውነት የሚናገሩበት አንድ ቦታም አለ፦ ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት። የጠቆረ፣ አረፋ የሚያወጣ ዘይት ውስጥ የገባ ሳምቡሳ፣ ዘይቱ ከምንም ይምጣ፣ አትብሉት። ልጆቻችሁንም አታብሉ።

መድኃኒት የታዘዘላችሁ ካላችሁ ደግሞ በእኔ ወሬ እንዳታቆሙ፣ አደራ።

ከሐረር ስመለስ ለእማዬ የአክስቴን ነገር ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና ጀሪካኑን ወደ ጓዳ ገፋችው። ወሬው ግቢውን ዞሮ ጎረቤታችን ጋ ደረሰ፤ ሶማሌ ናት፣ የራሷ ሱበግ፣ የሶማሌ ንጥር ቅቤ ማለት ነው፣ አላት። በማግስቱ ያንን ጣሳ ይዛ መጣች። አልነካችውም። «እኔ አደራ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት፣ እንደምትፈልጊው አውቅ ነበር» አለቻት። ንጥር ስለሆነ አልተበላሸም፤ ክዳኑ ሲከፈት ሽታው ግቢው ድረስ ወጣ።

አሁን እማዬ ሽንኩርቱን በጥቂት የኑግ ዘይት ነው የምታቁላላው። ቅቤዋን ወጡ ከእሳት ሲወርድ አንድ ማንኪያ ጣል ታደርግበትና ወዲያው ትከድነዋለች። ቀጣዩ ምርመራዋ በሚመጣው ወር ነው። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን እዚሁ እነግራችኋለሁ።