ማሰሪያ አንቀጹን ያዙ
በሐዋሳ ለንባብ ወዳጆች የተዘጋጀ ንግግር

ውድ የሐዋሳ አንባብያን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ወፍራም ልብ ወለድ ጀምራችሁ ስልሳኛው ገጽ ላይ «አሁን የሚያወራው ማን ነው?» ብላችሁ የዘጋችሁ ብዙ ናችሁ። ብትናደዱ አይፈረድባችሁም። ድኅረ ዘመናዊ ልብ ወለድ ታሪኩን ሆን ብሎ ይበትነዋል፤ በተርታ ይነገረኛል ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ደግሞ ሲጠብቅ ይደክመዋል።

ስለዚህ ከማንበባችሁ በፊት መግቢያውንና ማውጫውን እዩ። የአርጀንቲናው ሁሊዮ ኮርታሳር በ1963 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ልብ ወለድ 155 ምዕራፎች አሉት። መግቢያው ላይ ሁለት መንገድ ተሰጥቷል፦ ከ1 እስከ 56 በተርታ አንብቦ ማቆም፣ ወይም ከ73 ተነስቶ በሰንጠረዡ መሠረት እየዘለሉ መሄድ። በሁለተኛው መንገድ ምዕራፍ 55 ጭራሽ አይነበብም። ይህን ገጽ ያላየ ሰው ግራ መጋባቱ አይቀርም።

በእኛ ቋንቋ ሲሆን የተሻለ መሣሪያ አለን፤ ግስ። ደራሲው ትምህርተ ጥቅስ ትቶ ንግግሩን ከትረካው ሲቀላቅል የግሱን መጨረሻ ተመልከቱ። «መጣሽ» ካለ የሚሰማው ሴት ናት፣ «መጣሁ» ካለ ተናጋሪው ስለ ራሱ እያወራ ነው። «መጡ» ግን ያሳስታል፤ ለአንድ አዛውንትም ለብዙ ሰዎችም ይሆናልና፣ እዚያ ስትደርሱ አንድ አንቀጽ ወደ ኋላ ተመለሱ። ግማሽ ገጽ የሚፈጅ ዓረፍተ ነገር ሲገጥማችሁም በቀጥታ ወደ አራት ነጥቡ ሂዱ፣ ማሰሪያ አንቀጹን፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግስ፣ ያዙ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው አንብቡት። አሁንም ካልተፈታ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት።

ደራሲ አዳም ረታ ታሪኮችን እርስ በርስ የሚያስተሳስረውን አጻጻፉን «ሕጽናዊነት» ብሎታል፤ የሐሳቡ መነሻም እንጀራ ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ አንድ ቦታ በመንገድ ያለፈ ሰው ሌላ ቦታ ባለታሪክ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ አንድ ወረቀት አጥፋችሁ መጽሐፉ ውስጥ አኑሩ፤ ስም፣ ገጽ፣ የማን ምን እንደሆነ ጻፉበት። ያው ሰው በተመለሰ ቁጥር ገጹን ጨምሩ።

የግርጌም ሆነ የመጽሐፍ መጨረሻ ማስታወሻ አትዝለሉ። የአሜሪካዊው ደራሲ የዴቪድ ፎስተር ዋላስ የ1996 እ.ኤ.አ. ልብ ወለድ መጨረሻው ላይ 388 ማስታወሻዎች አሉት፤ ሁለት ዕልባት ይጠይቃል። በስልክ ፒዲኤፍ ከሆነ ወዲያና ወዲህ ማለቱ ያሰለቻል፤ የታተመውን ብትይዙ እንመርጣለን።

በቀን 20 ገጽ ይበቃል፣ ግን ሳይቋረጥ። ሁለት ሳምንት የተተወ መጽሐፍ ስሞቹ ይጠፋሉ። መቶ ገጽ በዚህ መንገድ ሄዳችሁ አንድም ገጽ ካልማረካችሁ፣ ያለ ሐፍረት ተዉት።

በሚቀጥለው ስንገናኝ የተቸገራችሁበትን ገጽ ቁጥር ይዛችሁ ኑ፤ እሱኑ አብረን እናነባለን።