እንጉዳዩ መንገድ ይዘረጋል፣ ኤሌክትሪኩ ይገፋል

[ምስል፦ የጋራዥ ግቢ መሬት፣ በጣም በቅርበት]

ጋራዥ አጠገብ ያደገ ሰው ይህን መሬት ያውቀዋል። የተቃጠለ ዘይት ለዓመታት ሲደፋበት የኖረ ጥቁር መሬት ነው። ዝናብ ሲዘንብበት ውሃው ላይ የዘይት ቀስተ ደመና ይታያል። ሣር እንኳን ብዙም አይደፍረውም።

እንዲህ ያለ አፈር ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «ዘይቱን ምን ያጠፋዋል?» ብለን ነው። ዘይት የሚበሉ ባክቴሪያዎች ግን አሉ። ማንም አላመጣቸውም፤ ድሮም አፈሩ ውስጥ ይኖራሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ እዚያው እያሉ ለምን አልበሉትም?

አልደረሱበትማ! ዘይቱ አንድ ቦታ ነው፣ በላተኛው ሌላ ቦታ ነው። ዛሬ የማሳያችሁ ሁለቱን ለማገናኘት የሚደረገውን ጥረት ነው። አገናኞቹ እንጉዳይና የኤሌክትሪክ ጅረት ናቸው።

[ምስል፦ የናይጄሪያ ካርታ፣ ኒጀር ዴልታ]

መጀመሪያ ችግሩ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ እንይ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

ኒጀር ዴልታ ውስጥ በ1956 ኦሎይቢሪ በተባለ ቦታ ነዳጅ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የኦጎኒ ሕዝብ መሬት ላይ የፈሰሰው ድፍድፍ ነዳጅ የእርሻና የዓሣ ኑሮውን አናጋው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም አካባቢውን አጥንቶ በ2011 ሪፖርት አወጣ። 49 ቦታዎች ላይ ነዳጁ ቢያንስ 5 ሜትር ወደ ታች ወርዶ ተገኘ። ኒሲሲዮከን ኦጋሌ በተባለው መንደር ደግሞ ሰው የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ቤንዚን የተባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል ተገኘ። ማደያ ከምንቀዳው ቤንዚን ጋር ስም ይጋራል እንጂ ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር ነው። መጠኑ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን ከ900 እጥፍ በላይ ነበር። እናቶች ለልጆቻቸው ሲቀዱት የኖሩት ውሃ ነው ይሄ።

እዚያ ይሠራበት የነበረው ዘዴ የላይኛውን አፈር አገላብጦ፣ ማዳበሪያ ጨምሮ፣ ባክቴሪያዎቹ እስኪበሉት መጠበቅ ነበር። ሪፖርቱ ይህንን በግልጽ ተችቷል። 5 ሜትር የወረደን ነዳጅ ላዩን በማረስ አታገኙትም።

[ምስል፦ ዋልካ መሬት፣ በክረምትና በበጋ]

አፈሩ ሸክላ የበዛበት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ዋልካ መሬት ያረሰ ገበሬ ይህን ከኔ በላይ ያውቃል። በክረምት እግር ይይዛል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ከራሰ በኋላ ውሃ ቶሎ አያሳልፍም። በቅንጣቶቹ መሃል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው። አንዲት ባክቴሪያ ስፋቷ አንድ ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ማለት ነው። ብዙው የሸክላ ክፍተት ከዚያም ያንሳል። በዚያ ላይ ባክቴሪያ የምትዋኘው ውሃ ውስጥ ነው። መንገዷ ላይ ትንሽ አየር ከገጠማት እዚያው ቀረች።

[ምስል፦ የጅብ ጥላ፣ ከዚያ ካሜራው ከሥሩ ወደ አፈሩ ይገባል]

እንጉዳይ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ክረምት ሲገባ ሜዳ ላይ ብቅ የሚለው የጅብ ጥላ የፈንገሱ ፍሬ ብቻ ነው። ዋናው አካሉ መሬት ውስጥ ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ የክር መረብ። ስሙ ማይሲሊየም ይባላል። ይህ ክር ባክቴሪያ የማትችለውን ይችላል። ጫፉ እየገፋ ያድጋል፣ ስንጥቅ ለስንጥቅ ይገባል፣ አየር ያለበትን ክፍተትም እንደ ድልድይ ተዘርግቶ ይሻገራል።

አሁን የምነግራችሁ ነገር መጀመሪያ ስሰማው ቁጭ ብዬ ያሰብኩበት ነው። ክሩ ዙሪያውን ስስ የውሃ ሽፋን ለብሷል። ጀርመን፣ ላይፕዚግ ከተማ ባለው የአካባቢ ምርምር ማዕከል ሉካስ ዊክና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት ሥራ ባክቴሪያዎች በዚያ የውሃ ሽፋን ላይ እየዋኙ ወደ ብክለቱ እንደሚጓዙ አሳዩ። ስሙንም «የፈንገስ አውራ ጎዳና» አሉት። በቃ፣ መንገድ ተገኘ!

አንዳንዱ ፈንገስ ደግሞ ከመንገድነት በላይ ይሠራል። የወደቀ ግንድ ላይ ተጣብቆ እንጨቱን ነጭ እያደረገ የሚያበሰብሰውን ዓይነት አስቡ። ለምግብ የምናመርተው ኦይስተር እንጉዳይም ከዚህ ወገን ነው። እንጨትን የሚያጠነክረው ሊግኒን ለመፍረስ እጅግ አስቸጋሪ ነገር ነው። እነዚህ ፈንገሶች ኢንዛይም የተባሉ አፍራሽ ፕሮቲኖቻቸውን ከሰውነታቸው ውጭ ይረጩና ያፈርሱታል። ኢንዛይሞቹ ብዙ ሳይመርጡ የሚያጠቁ ስለሆኑ፣ ቀለበት ቀለበት እየሆኑ የተያያዙትን ግትር የነዳጅ ሞለኪውሎችም ይሰባብራሉ። በ1985 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ፋኔሮኬቴ ክሪሶስፖሪየም የተባለው ፈንገስ ዲዲቲንና ቤንዞፓይሪንን የመሳሰሉ መርዞችን እንደሚያፈርስ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አሳትመዋል። ብዙ ጊዜ ግን ፈንገሱ ሥራውን ይጀምራል እንጂ አይጨርስም። የተሰባበረውን ባክቴሪያዎች ተቀብለው ይጨርሱታል። ለዚህ ነው ሁለቱ አብረው የሚያስፈልጉት።

[ምስል፦ ሁለት ዘንጎች አፈር ውስጥ ተተክለው፣ በመሃላቸው ውሃ ሲንቀሳቀስ]

ኤሌክትሪኩስ? በ1800ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሞስኮ ውስጥ ፈርዲናንድ ሮይስ የተባለ ሳይንቲስት ውሃ በያዘ ሸክላ ውስጥ ጅረት አሳለፈ። ውሃው ወደ ኔጌቲቩ ዘንግ መጓዝ ጀመረ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የሸክላ ቅንጣት ገጽ ኔጌቲቭ ሙሌት አለው። ስለዚህ አጠገቡ ያለው ውሃ ፖዘቲቭ አየኖችን፣ ማለትም ፖዘቲቭ ሙሌት ያላቸውን ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ያከማቻል። ጅረት ሲለቀቅ አየኖቹ ወደ ኔጌቲቩ ዘንግ ይሳባሉ፣ ውሃውንም ይዘውት ይሄዳሉ።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ነው። ውሃ በራሱ ክብደት ሲሰርግ ክፍተቱ በጠበበ ቁጥር ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል። በኤሌክትሪክ ሲገፋ ግን የክፍተቱ ጥበት ያን ያህል አያግደውም። በሸክላም በአሸዋም ተቀራራቢ ነው። መሐንዲሱ ሊዮ ካሳግራንዴ በ1939 ጀርመን ውስጥ፣ ዛልዝጊተር አካባቢ፣ የሚንሸራተት የባቡር ሐዲድ ቁልቁለትን ውሃውን በዚህ መንገድ አውጥቶ አጽንቷል።

አፈር ለማጽዳት ሲሆን የሚለቀቀው ዲሲ ነው፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ጅረት፤ ብዙ ጊዜ በየሴንቲሜትሩ 1 ቮልት አካባቢ። ዘንጎቹ በ1 ሜትር ከተራራቁ 100 ቮልት ይሆናል። እርጥብ መሬት ላይ 100 ቮልት ሰው ይገድላል። እባካችሁ ግቢያችሁ ውስጥ አትሞክሩት።

ጅረቱ ውሃ ብቻ አይደለም የሚገፋው። ነዳጅ የሚበላ ባክቴሪያ ካርቦን ሞልቶለታል፤ የሚያጥረው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። እነዚህን ከያዙት ውስጥ ናይትሬትና ፎስፌት ወደ ፖዘቲቩ ዘንግ ይሳባሉ፣ አሞኒየም ወደ ኔጌቲቩ። ማዳበሪያውን ከላይ ከመበተን ይልቅ ጅረቱ በሸክላው መሃል አሳልፎ ክሩ ድረስ ያደርስላችኋል። ከሸክላው የሚላቀቀው ብክለትም ከውሃው ጋር እየተጓዘ ክሩ ወዳለበት ይመጣል።

[ምስል፦ በፖዘቲቩ ዘንግ ዙሪያ አፈሩ ቀለሙ ሲቀየር]

አሁን ወደ ችግሩ። ኤሌክትሪክ ውሃን ይሰነጥቃል። ፖዘቲቩ ዘንግ ጋ ኦክስጅን ይወጣል። ለፈንገሱ ጥሩ ነው፤ ያለ ኦክስጅን አይሠራም። ግን አብሮ አሲድ ይፈጠራል። ኔጌቲቩ ዘንግ ጋ ደግሞ የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ቤዝ ይፈጠራል። ዝም ከተባለ ሁለቱም ጫፍ ላይ የሚኖር ነገር አይተርፍም። ስለዚህ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን በየጊዜው እያቀያየሩ አሲዱና ቤዙ እንዲጠፋፉ ማድረግ አለ። ዘንጎቹ ዙሪያ ያለውን ፈሳሽ እያዘዋወሩ ማመጣጠንም ይቻላል። እኔ ሥራው የሚበላሸውም የሚሳካውም እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ፈንገሱም ቀለብ ይፈልጋል። ብዙው ዓይነት ነዳጅን ብቻ ተመግቦ አይኖርም። ገለባ ወይም ሰጋቱራ ይጨመርለታል። መሬቱ ሲደርቅ ጅረቱ ይቋረጣል። የተቀበረ ቧንቧና ብረት ካለም ጅረቱ ወደዚያ ያመልጣል፣ ብረቱንም ሊበላው ይችላል። ሙቀቱም እንዳይጨምር መጠበቅ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር በጣም አደራ። በዘይት በተበከለ አፈር ላይ የበቀለ እንጉዳይ አይበላም። ፈንገስ እርሳስና ካድሚየም የመሳሰሉ ብረቶችን ወደ ራሱ ይሰበስባል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ ደግሞ ብረት አለ። ብረት እንደ ዘይት አይፈርስም፤ ቦታ ነው የሚቀይረው።

[ምስል፦ ረጅም የአፈር ናሙና መሰርሰሪያ፣ ከመሬት ሲወጣ]

ኢንተርኔት ላይ ጥቁር አፈር ላይ የፈካ ነጭ እንጉዳይ ፎቶ አይታችሁ ይሆናል። ደስ ይላል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ፎቶው ስለ ታችኛው አፈር ምንም አይነግራችሁም። እንጉዳዩ የበቀለው ላይ ነው። ስለዚህ «ጸዳ» የሚል ሰው ስትሰሙ ናሙናው ከየትኛው ጥልቀት እንደተወሰደ ጠይቁት። ግማሽ ሜትር ላይ? ሁለት ሜትር ላይ? ነዳጁ 5 ሜትር ከወረደ መሰርሰሪያው 5 ሜትር መውረድ አለበት።