ከዋት ሜትር ይሻላል፦ ከፍ ብሎ የሚሰቀለው የጦር ሜዳ አንቴና

[ምስል፦ ሜዳ ላይ የቆመ ወታደር። ጀርባው ላይ ሬዲዮ፣ ከትከሻው በላይ አጭር አንቴና።]

አንድ ወታደር ሬዲዮ አዝሎ ሜዳ ላይ ቆሟል። የሬዲዮው ጉልበት 2 ዋት ገደማ ነው። 12 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን የጦር ክፍል ይጠራል። መልስ የለም። ደግሞ ይጠራል። ከሽሽታ በቀር ምንም አይሰማም።

ምን ይደረግ? ሁለት መንገድ አለ እንበል። አንደኛው 2 ዋቱን ወደ 30 ዋት ማሳደግ ነው። ይሄ ማጉያ ይፈልጋል፣ ትልቅ ባትሪ ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜም መኪና ይፈልጋል። ሁለተኛው ሬዲዮውን ሳይነኩ አንቴናውን ከሰው ቁመት አንስቶ 8 ሜትር ምሰሶ ጫፍ ላይ መስቀል ነው።

ብዙ ሰው ወደ ዋቱ ያደላል። ገላጣ ሜዳ ላይ ግን የሁለቱ ውጤት ተቀራራቢ ነው። ምሰሶው ደግሞ ነዳጅ አይበላም።

ይሄ እንዴት ሊሆን ቻለ?

[ምስል፦ ሁለት አንቴናዎች፣ በመካከላቸው ሁለት መስመር። አንዱ ቀጥታ፣ ሌላው መሬት ነክቶ የሚነጥር።]

ከአንዱ አንቴና የወጣ ሞገድ ሌላው ጋ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በቀጥታ ይሄዳል። ሌላው መሬት ላይ ነጥሮ ይደርሳል። ችግሩ የነጠረው ነው። መሬቱን በጣም ዝቅ ባለ አንግል ሲመታ ተገልብጦ ይነሳል፤ ቀጥታው ወደ ላይ ሲል እሱ ወደ ታች ይላል። አንቴናዎቹ መሬት ከተጠጉ የሁለቱ መንገድ ርዝመት እኩል ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ስለዚህ አብረው ይደርሱና እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። አንቴናው ከፍ ሲል የመንገዶቹ ርዝመት ይለያያል፣ መጠፋፋቱም ይላላል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከፍታው እጥፍ ሲሆን ሰሚው ጋ የሚደርሰው ኃይል 4 እጥፍ ይሆናል። ከ2 ሜትር ወደ 8 ሜትር ስትወጡ ከፍታው ሁለት ጊዜ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። 4 በ4፣ 16። እንግዲህ 2 ዋቷ 32 ዋት የሆነች ያህል ነው። እርግጥ ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ሲል፣ በተለይ መሬቱ ርጥብ ከሆነ፣ ሞገዱ መሬቱን ተከትሎ መሄድ ስለሚችል ልዩነቱ ከዚህ ያንሳል። ቢያንስም ግን ትርፉ የሚናቅ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ዋት ስትጨምሩ ድምፃችሁ ሩቅ ይሰማል፤ እናንተ ግን ሩቅ ያለውን የምትሰሙት እንደ ቀድሞው ነው። እሱም በ2 ዋት ነው የሚያወራው። አንቴናውን ከፍ ስታደርጉ ግን ለመናገርም ለመስማትም ትጠቀማላችሁ። ለእኔ ክርክሩ እዚህ ላይ ያልቃል።

አድማስም አለ። የጦር ሜዳ ሬዲዮዎች የክፍል ውስጥ ግንኙነት በአብዛኛው የሚካሄደው ቪኤችኤፍ በሚባለው የፍሪኩዌንሲ ክልል ነው። ለምሳሌ የአሜሪካ ጦር በቬትናም ጦርነት ጊዜ የተሸከመው ፒአርሲ 77 ከ30 እስከ 76 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራ ነበር፣ በ920 ቻናል። በዚህ ክልል ያለ ሞገድ እንደ አጭር ሞገድ ሰማይ ላይ ነጥሮ አገር አቋርጦ አይመለስም። በአብዛኛው የሚሄደው እስከ አድማሱ ድረስ ነው። የአድማሱን ርቀት ለማወቅ የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ውሰዱ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ በ4.12 አባዙት። የሁለቱን ወገን ደምሩ። ሁለቱም አንቴና 1 ሜትር ላይ ከሆነ 8 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። አንዱን ወደ 9 ሜትር ስቀሉት፤ 16 ኪሎ ሜትር ተኩል ደረሰ። ሌላኛው ሰው ከቦታው ንቅንቅ አላለም፣ የነካውም ነገር የለም።

ያ 12 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ክፍል አሁን ከአድማሱ ወዲህ ገባ።

[ምስል፦ አጭሩ አንቴና ከሬዲዮው ተነቅሎ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ይታሰራል። ቀይ የኤክስ ምልክት።]

ታዲያ ሬዲዮው ላይ ያለውን አንቴና ነቅለን፣ በኬብል አስረዝመን፣ እንጨት ጫፍ ላይ ብናስረውስ?

አይሆንም። ምክንያቱም ያ አንቴና ግማሽ አንቴና ነው።

ሙሉው አንቴና ሁለት ክንድ አለው። አንዱ ክንድ ላይ ኤሌክትሪክ ሲገፋ ሌላው ላይ በተቃራኒው መሳብ አለበት። እያንዳንዱ ክንድ የሞገዱ ርዝመት ሩብ ነው። የታዘለው ሬዲዮ ላይ የሚታየው አንዱ ክንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው የት ሄደ? የሬዲዮው ብረት ሣጥን፣ የተሸካሚው ሰውነት፣ ከሥር ያለው መሬት፣ እነዚህ ተባብረው የጎደለውን ክንድ እንደምንም ይተካሉ። ጥሩ ምትክ አይደሉም፣ ግን ይሠራሉ። አንቴናውን ለብቻው ወደ ላይ ስትወስዱት ምትኩ ሁሉ ታች ቀረ።

ኤሌክትሪኩ ግን መመለሻ ይፈልጋል። ካጣ ሌላ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም የኬብሉን መካከለኛ ሽቦ የከበበውን የውጭ የብረት ጥልፍ ነው። ኬብሉ ራሱ አንቴና ይሆናል። ኬብሉን ስትነኩት ወይም ስታንቀሳቅሱት ግንኙነቱ ይለዋወጣል። ኃይሉ ወደማትፈልጉት አቅጣጫ ይበተናል፣ ከፊሉም ወደ ሬዲዮው ይመለሳል።

መፍትሔው መሬትን ይዞ መውጣት ነው።

[ምስል፦ ምሰሶ ጫፍ በቅርበት። አንድ ዘንግ ወደ ላይ፣ ሦስት ዘንጎች እንደተከፈተ ጃንጥላ አጥንት ወደ ታች ተዘርግተው።]

ግራውንድ ፕሌን የሚባለው ይሄ ነው። ከቋሚው ዘንግ ሥር ሦስት ወይም አራት ዘንጎች በዙሪያው ይዘረጋሉ። የኬብሉ መካከለኛ ሽቦ ወደ ላይኛው ዘንግ ይሄዳል፣ የውጭ ጥልፉ ወደ ታችኞቹ። በቃ። ኤሌክትሪኩ መመለሻውን እዚያው ጫፍ ላይ አገኘ። የታችኞቹ ዘንጎች በዙሪያው በእኩል ስለተዘረጉ ወደ ጎን የሚረጩት ሞገድ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የሚቀረው የቋሚው ዘንግ ሥራ ነው፣ እሱም በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያሰራጫል። ወዳጅ ክፍሎች በየአቅጣጫው ለተበተኑበት ሜዳ ተመራጭ ነው።

አንግሉስ? የታችኞቹ ዘንጎች ዝም ብለው ወደ ታች አላዘነበሉም። ጠፍጣፋ ቢሆኑ አንቴናው ለኬብሉ የሚያሳየው ተቃውሞ 36 ኦም ገደማ ነው። ኬብሉና ሬዲዮው ደግሞ 50 ኦም ይፈልጋሉ። ዘንጎቹን ወደ ታች ባዘነበላችሁ ቁጥር ተቃውሞው ይጨምራል፤ 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ 50ን ይጠጋል። ተጨማሪ ዕቃ የለም፣ ትራንስፎርመር የለም። ዘንግ በማጠፍ ብቻ ተፈታ። እንዲህ ዓይነት ምህንድስና ደስ ይለኛል።

ሐሳቡን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ያመጣው አርሲኤ የተባለው የአሜሪካ የሬዲዮ ኩባንያ መሐንዲስ ጆርጅ ብራውን ነው። እንደሚተረከው መጀመሪያ የሠራው በሁለት የታች ዘንጎች ነበር፣ በደንብም ይሠራ ነበር። ሻጮቹ ግን ሁለት ዘንግ ያለው ነገር በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያሰራጫል ቢባሉ አላመኑም። ሁለት ጨመረላቸውና ነገሩ አለቀ።

[ምስል፦ የአርሲ 292 ምሰሶ፣ የመወጠሪያ ገመዶቹና ካስማዎቹ።]

በጦር ሜዳ ታዋቂው አርሲ 292 ነው። በቬትናም የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች «ቱ ናይነር ቱ» ይሉት ነበር። 9 ሜትር ገደማ ምሰሶ፣ አንድ ቋሚ ዘንግ፣ ሦስት የታች ዘንጎች። ከ20 እስከ 76 ሜጋኸርዝ ይሸፍናል፣ ግን አንድ ላይ አይደለም። ክልሉ በአራት ተከፍሏል፤ ለእያንዳንዱ ክፍል የዘንጎቹ ቁራጭ ይቀጣጠላል ወይም ይቀነሳል።

ለምን? ሩብ ሞገድ ስላልን። 300ን በሜጋኸርዙ ስታካፍሉ የሞገዱን ርዝመት በሜትር ታገኛላችሁ። በብረት ላይ ትንሽ ስለሚያጥር ለሩቡ 71ን በሜጋኸርዙ ማካፈል ይበቃል። 30 ሜጋኸርዝ ላይ 2 ሜትር ከ37 ሳንቲም። 76 ላይ 93 ሳንቲም። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው፤ አንድ ዘንግ ለሁለቱም አይሆንም።

እንግዲህ ሌሊት፣ ዝናብ ላይ፣ ፍሪኩዌንሲ ይቀየር የሚል ትእዛዝ መጣ እንበል። አዲሱ ፍሪኩዌንሲ ከአራቱ የክልሉ ክፍሎች በሌላው ውስጥ ነው። ምሰሶው ይወርዳል። ዘንጎቹ ይፈታሉ፣ በዳበሳ ይቆጠራሉ፣ ይገጠማሉ። ምሰሶው ይቆማል። ገመዶቹ እንደገና ይወጠራሉ። ይሄንን ሥራ የወደደ ኦፕሬተር ያለ አይመስለኝም።

እንግሊዞችም ክላንስማን በሚባለው የሬዲዮ ቤተሰባቸው 8 ሜትር ምሰሶ ላይ የሚወጣ ተመሳሳይ አንቴና ነበራቸው። ነገሩን የቀየረው ፍሪኩዌንሲ እየዘለለ የሚያወራ ሬዲዮ መምጣቱ ነው። የአሜሪካው ሲንክጋርስ በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ ይዘላል፣ ከ30 እስከ 88 ሜጋኸርዝ። እዚህ ላይ ዘንግ እየቀየሩ መከተል የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ኦኢ 254 የሚባለው አንቴና መጣ፤ ሦስት ዘንግ ወደ ላይ፣ ሦስት ወደ ታች፣ ሁሉም ሰያፍ። ሸረሪት ይመስላል፣ አያምርም። ግን ክልሉን በሙሉ ያለ ምንም ቅያሪ ይሸፍናል። በጥብቅ ከተናገርን ግራውንድ ፕሌን መሆኑ ቀርቶ ሙሉ ሁለት ክንድ ያለው አንቴና ሆኗል።

[ምስል፦ እጆች ሽቦ ሲልጡ። ሦስት እኩል እንጨቶች በሦስት ማዕዘን ታስረዋል።]

ምሰሶም ዘንግም ከሌለስ? ሽቦና ዛፍ ካለ ይበቃል። የጦር ማሠልጠኛ መጻሕፍት የጫካ አንቴና ብለው ያስተምሩታል።

50 ሜጋኸርዝ እንውሰድ። አራት ሽቦ ቁረጡ፣ እያንዳንዱ 1 ሜትር ከ42 ሳንቲም። የኬብሉን ጫፍ ልጡ፤ የውጭ ጥልፉን ከመካከለኛው ለዩና አጠንጥኑት። መካከለኛውን ከአንዱ ሽቦ ጋር እሰሩ፣ ጥልፉን ከሦስቱ ጋር። ሁለቱ እንዳይነካኩ በመካከል ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ነገር ይግባ፤ ሁለት ቀዳዳ የተበሳ ቁራጭ ፕላስቲክ ይበቃል። መገጣጠሚያው የኬብሉን ክብደት መሸከም የለበትም፤ ኬብሉን ራሱን ፕላስቲኩ ላይ በገመድ እሰሩት። ሦስቱን የታች ሽቦዎች የሦስት ማዕዘኑ እንጨት ማዕዘኖች ላይ አስራችሁ ዘርጓቸው። የላይኛውን ሽቦ ጫፍ በገመድ አስራችሁ ገመዱን ቅርንጫፍ አሻግሩና ሳቡ።

ላይኛው ሽቦ ቅጠል አይንካ። ርጥብ ቅጠል ሞገድ ይመጥጣል። የምትስቡበትም ሽቦ እንዳይሆን፣ ገመድ ይሁን። ሽቦ ከሆነ አንቴናው ረዘመ ማለት ነው፣ ልኩም ጠፋ።

ኬብሉንም አትርሱት። አርጂ 58 የሚባለው ቀጭኑ ኬብል 50 ሜጋኸርዝ ላይ 20 ሜትር ሲሄድ ከ2 ዋት ላይ 1.3 ዋት ገደማ ብቻ ያደርሳል። ወፍራሙ አርጂ 213 1.6 ያደርሳል። ስለዚህ የተረፈ ኬብል ጠቅልሎ ማስቀመጥ በነፃ ዋት መጣል ነው።

[ምስል፦ ኮረብታ በጎን። አንቴናው ከአናቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ።]

ቦታ መምረጥ ላይ የጦር ሜዳ ሰው እንደ ሲቪሉ አያስብም። ሲቪሉ ኮረብታው አናት ላይ ይወጣል። ወታደሩ አናቱ ላይ ከሰቀለ ሰማዩ ላይ ተስሎ ከሩቅ ይታያል፤ አንቴና ያለበት ደግሞ አዛዥ እንዳለ ማንም ይገምታል። ስለዚህ ከአናቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ኮረብታውን ከጠላት በኩል ጋሻ አድርጎ ይተክላል። አንቴናውንም ከማዘዣው ያርቃል። የአቅጣጫ መፈለጊያ መሣሪያ የሚያገኘው አንቴናውን እንጂ ሬዲዮው ያለበትን ጉድጓድ አይደለም። በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚያሰራጭ አንቴና ለጠላትም እኩል ነው የሚያሰራጨው፤ ይሄ የዚህ አንቴና ትልቁ ድክመት ነው፣ መድኃኒቱም አጭር ንግግር ነው።

ከጠላት ሌላ ሁለት ነገር ይገድላል። አንዱ መብረቅ ነው። ሌላው የኤሌክትሪክ መስመር። ሰዎች ምሰሶ ሲያቆሙ ከላያቸው ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ነክተው ሞተዋል፣ ከአንድ ጊዜ በላይ። ከመስመሩ ቢያንስ የምሰሶውን ቁመት ሁለት እጥፍ ራቁ፤ ቢወድቅም እንዳይደርስ። ወደ ላይ ሳታዩ ምሰሶ አታንሱ።

ተተክሎ ካለቀ በኋላ ግንኙነቱ ደካማ ከሆነ አንቴናውን አውርዶ ልኩን ከመጠራጠር በፊት የኬብሉን ሁለት ጫፍ ማገናኛዎች ፈትታችሁ እዩ። ውሃ ከገባባቸው አድርቁ። ጥልፉ ተበጥሶ አንድ ክር ቀርቶ ከሆነ ቆርጣችሁ እንደ አዲስ ግጠሙ። ከዚያ የታች ዘንጎቹ ሦስቱም ጠብቀው መታሰራቸውን ነካክታችሁ አረጋግጡ፤ የላላ ካለ ጥፋቱ እሱ ነው።