የቃሉን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝሁም፤ ብቻዬን የማነሣው ጉዳይ ለብዙ ጊዜ በውስጤ ሲመላለስ የኖረው የሃይማኖት ሥልጣን ነው።

እናቴ ለደም ግፊቷ በየዕለቱ መድኃኒት ትወስዳለች። ከዓመታት በፊት ቤተሰባችን እጅግ የሚያከብራቸው የሃይማኖት አባት ሊጠይቋት መጡና፣ አልጋዋ አጠገብ የነበረውን የኪኒን ብልቃጥ አይተው «ልጄ፣ እምነትሽ ከጸና ይህ ምን ያደርግልሻል?» አሏት። ሊያበረታቷት ብለው የተናገሩት ይመስለኛል። እናቴ ግን ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ እኛም ነገሩን ያወቅነው ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ራሷን ስታ በወደቀች ጊዜ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች። እኚሁ አባት ደግሞ አባቴ ባረፈ ጊዜ ሦስት ሌሊት አብረውን አምሽተው፣ በውርስ ምክንያት ሊካሰሱ የተነሡትን ሁለት አጎቶቼን ያስታረቁ ሰው ናቸው። ያስታረቀውም ሆነ ብልቃጡን ያስደበቀው ያው አንድ ድምፅ ነበር።

ማክስ ቬበር የተባለው ጀርመናዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ፣ ሰዎች ሥልጣንን ተገቢ ነው ብለው የሚቀበሉባቸውን መሠረቶች በሦስት ከፍሎ አስቀምጧል፤ እነዚህም ልማድ፣ የግለሰቡ ልዩ ጸጋ እና ሕግ ናቸው። የሃይማኖት አባት ብዙ ጊዜ ሦስቱንም በአንድነት ይዞ ይገኛል፤ የቆየ ትውፊት ከኋላው አለ፣ በራሱ ሕይወት ይከበራል፣ በሥርዓት ተሹሟል። ከንጉሥ ጋር እንኳ የሚከራከር ሰው በእንዲህ ያለ አባት ፊት «ተሳስተዋል» ማለት የሚቸግረው ለዚህ ይመስለኛል።

ይህን ሳስብ የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስ ይታወሰኛል። እ.ኤ.አ. በ390 የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ወታደሮች በተሰሎንቄ ከተማ ሕዝብ ከፈጁ በኋላ፣ አምብሮስ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ንስሐ ካልገባ በፊቱ ቅዱስ ቁርባን እንደማያቀርብ በደብዳቤ አስታወቀው፤ የዚያን ዘመን ኃያል ገዢም ንስሐ ገባ። ሠራዊት የሌለው ሰው ሠራዊት ያለውን ሲገሥጽ ማየት ዛሬም ልብን ያነሣሣል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የሆነው ነው። በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር በምትገኘው በካሊኒኩም ክርስቲያኖች የአይሁድን ምኩራብ አቃጥለው፣ ንጉሠ ነገሥቱ የከተማዋ ጳጳስ እንደገና እንዲያሠራው አዞ ነበር። አምብሮስ ግን ይህ ትእዛዝ ካልተሻረ አገልግሎቱን አልቀጥልም ብሎ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ንጉሡን ፊት ለፊት ተጋፈጠው፣ ትእዛዙንም አስሻረ።

ሰውየው ያው ነው፣ ድፍረቱና የእምነቱ ጽናትም ያው ነው። የተለወጠው የቃሉን ዋጋ የሚከፍለው ወገን ነበር፤ በተሰሎንቄ ጉዳይ የከፈለው ኃያሉ ሲሆን፣ በካሊኒኩም ግን ምኩራባቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ እኔ የአንድን አባት ቃል ስመዝን ስለ ቅድስናው ከመጠየቄ በፊት ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ መጠየቅን መርጫለሁ።

በእስልምና ሕግ፣ ሙፍቲ የተባለው የሃይማኖት ሕግ ሊቅ የሚሰጠው ፈትዋ፣ ማለትም የሕግ አስተያየት፣ ከቃዲ ማለትም ከዳኛ ፍርድ የሚለየው በራሱ አስገዳጅ ባለመሆኑ ነው፤ ጠያቂው ወደ ሌላ ሊቅ ሄዶ ሊጠይቅ ይችላል። የማደንቀው ሥርዓት ነው፤ ምክርን ከትእዛዝ መለየት ለተናጋሪውም ለሰሚውም ጥበቃ ይሆናል። የእኛ አባት በዚያ ቀን የሰጡት አስተያየት ነበር፤ እናቴ ግን እንደ ትእዛዝ ሰማችው።

እናቴ ከሐኪም ቤት ከወጣች በኋላ ወደ እሳቸው ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በማግሥቱ ማለዳ ቤታችን መጥተው፣ እናቴ ፊት ቆመው «የማላውቀውን ተናግሬሻለሁና ይቅር በዪኝ፤ ሐኪሙ ያዘዘልሽን ውሰጂ» አሏት። ሐኪሙ ደጋግሞ ሲነግራት አንገቷን ብቻ ስትነቀንቅ የከረመችው እናቴ፣ ያንጊዜ ተነሥታ መሳቢያውን ከፈተች፤ ጨርቁንም ፈትታ ኪኒኑን እሳቸው እያዩ ዋጠችው።