በአርቪ ተራራ ስታቋርጡ ፍሬናችሁን የሚያድነው ማርሽ ነው

ሰላም ጤና ይስጥልኝ! ከአዳማ ነው። የዛሬው ቪዲዮ አሜሪካ ውስጥ አርቪ ተከራይታችሁ ከቤተሰብ ጋር ተራራ ልታቋርጡ ላሰባችሁ ነው። አርቪ አልጋው፣ ምድጃው፣ ሽንት ቤቱ ሁሉ አብሮት የሚሄድ መኪና ነው። ችግሩ፣ እዚያ ብዙ ሰው በተራ መንጃ ፈቃድ ተከራይቶት እንደ ቤት መኪና ይነዳዋል።

[ምስል፦ ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወጣው መንገድ በካርታ]

የኮሎራዶ ግዛት ዋና ከተማ ዴንቨር ለአዳማ ሰው አዲስ ከፍታ አይደለም። እኛ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ እነሱ 1,600። ግን ከዚያ በኢንተርስቴት 70 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዱ አይዘንሃወር ዋሻ ትደርሳላችሁ፤ እሱ 3,401 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሲሶውን ያህል ያጣል። ስለዚህ ዳገቱ ላይ መኪናው ቢያቃስት አትደንግጡ። ቀኝ መስመር ይዛችሁ፣ ማርሽ ቀንሳችሁ፣ የሞተሩን ሙቀት እያያችሁ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ከመስከረም እስከ ግንቦት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ለበረዶ የሚሆን ጎማ ወይም ሰንሰለት በሕግ ስለሚጠየቅ ከኪራዩ በፊት ጠይቁ።

ዋናው ጉዳይ ቁልቁለቱ ነው።

ከዋሻው ወደ ሲልቨርቶርን ከተማ ስትወርዱ መንገዱ እስከ 7 በመቶ ያዘቀዝቃል፣ ማለትም በየመቶ ሜትሩ 7 ሜትር ትወርዳላችሁ። አሁን አስቡት፤ 6.5 ቶን የሚመዝን አርቪ ከፍታው በ1,000 ሜትር እስኪቀንስ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ያፈላል። ይሄ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። እግራችሁን ፍሬን ላይ ጭናችሁ ከወረዳችሁ ትልቁን ድርሻ የሚሸከሙት የፍሬን ሸራዎቹ ናቸው። ሸራው ሲግል መያዝ ያቆማል። የፍሬን ዘይቱም በጊዜ ብዛት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በላይ ነው የሚፈላው፣ እርጥበት ከገባው ግን 140 ላይም ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፣ ፔዳሉን ስትረግጡት ወለል ድረስ ይገባል እንጂ መኪናው አይቆምም። «ፍሬን በጠሰ» ከሚባለው አደጋ ብዙው እንዲህ ነው የሚመጣው፤ የተበጠሰ ነገር ላይኖር ይችላል።

አዳማ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች የሚያርፉባት ከተማ ነች። ከጎሃ ጽዮን ዓባይ በረሃን የወረደ የተሳቢ ሾፌር ስታገኙ ጠይቁት፣ ቁልቁለቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረድ ይላችኋል። ለአርቪም ያው ነው፣ እንዲያውም አንድ ማርሽ ዝቅ ብትሉ ይሻላል። ወሳኙ ነገር ማርሹን የምትቀንሱት አናቱ ላይ፣ ፍጥነት ሳትይዙ መሆኑ ነው። አንዴ ከፈጠነ በኋላ ዝቅ ያለውን ማርሽ ማስገባት ከባድ ነው፤ አውቶማቲኩም እምቢ ሊላችሁ ይችላል።

[ምስል፦ የማርሽ ዘንግ እና «ቶው ሆል» የሚለው ቁልፍ]

ብዙ አርቪዎች አውቶማቲክ ሆነው «ቶው ሆል» የሚል ቁልፍ አላቸው። እሱን ስትጫኑ ማርሹ ቁልቁል ላይ በራሱ ዝቅ ይላል፣ ሞተሩ መኪናውን ይይዘዋል። ሞተሩ ሲጮህ ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። ዙሩ ቀዩ መስመር እስካልደረሰ ድረስ ጩኸቱ ደግ ነው፣ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ በዜሮ ማርሽ መልቀቅን ግን እባካችሁ እርሱት! የዛሬ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ነዳጁን ራሱ ይዘጋዋል፣ በዜሮ ግን ላለመጥፋት ያቃጥላል። ከኪሳችሁም አይተርፍም፣ ከነፍሳችሁም።

ማርሹ ብቻውን ካልያዘላችሁ፣ በሰዓት 40 ማይል ለመንገዱ ይሆናል ብላችሁ ከወሰናችሁ፣ 40 ሲደርስ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ወደ 35 አውርዱና እግራችሁን ሙሉ በሙሉ አንሱ። ተመልሶ 40 ሲደርስ እንደገና። የአሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ መማሪያም የሚያስተምረው ይሄንኑ ነው። እግርን ፍሬን ላይ ጭኖ ከመውረድ ልዩነቱ በመሃል ፍሬኑ መተንፈሻ ማግኘቱ ነው።

ይህም ሆኖ የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ወይም ፔዳሉ ከለሰለሰ፣ በዚያ ቁልቁለት ዳር በጠጠር የተሞሉ ማምለጫ መንገዶች አሉ። ለከባድ መኪና ነው ተብሎ ተጽፎባቸዋል፣ ፍሬን እምቢ ካላችሁ ግን እናንተም ግቡ። ጎማው ጠጠሩ ውስጥ ይሰምጣል፣ መኪናው ይቆማል። መጎተቻ ያስከፍላችኋል፣ መኪናውም ሊጫጫር ይችላል። ልጆቻችሁ ግን ይተርፋሉ።

በሰላም ከወረዳችሁም፣ የጋለ ፍሬን ላይ ውሃ እንዳትደፉ፣ ብረቱ ይሰነጠቃል። ሜዳው ላይ ትንሽ ቀስ ብላችሁ ንዱትና ነፋስ ያብርደው፣ ከዚያ ቁሙ።